የቀለሃ መከርከሚያ፤ የተተኮሰ ጥይት እንደገና ስለ መሙላት ታሪክ አጭር ጥናት

መግቢያ

ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጥሩት ጠመንጃን ነው። ይህ ንጉሥ ይህን ያህል ሺህ ጠመንጃ ነበረው፤ ያ ራስ ይህን ያህል ነፍጠኛ አሰለፈ፤ በዚህ ወደብ ይህን ያህል ሣጥን አለፈ እየተባለ ይጻፋል። መቍጠሩ መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ የማይሻል መሆኑን ማንም ያውቃል። እንግዲያስ ጥይቱ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ሌላው ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ ከቍጥሩ ጋር አብሮ ካልተነሣ ታሪኩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። ይኸውም የተተኮሰ ጥይት ቀለሃ እንደገና ከመሞላቱ በፊት አፉ በልክ የሚቈረጥበት መሣሪያ ሲሆን፣ እኛ የቀለሃ መከርከሚያ ብለን እንጠራዋለን። መሣሪያው ከጠረጴዛ ጫፍ ላይ የሚታሠር፣ አንዳንዱም በኪስ የሚያዝ ነው። ዳሩ ግን የናስ ቀለሃ ለምን እንደሚረዝም፣ ለምንስ መከርከም እንዳለበት የተረዳ ሰው፣ ጥይትን ከውጭ እየገዙ መኖርና ራስን ችሎ መሙላት ምን ያህል እንደሚራራቁ በዚያው ይረዳል።

አስቀድመን የቀለሃን አመጣጥ፣ ቀጥለን የመከርከሚያውን ታሪክ፣ አመራረጥና አጠቃቀም፣ በመጨረሻም ነገሩ የአገራችንን ታሪክ የሚነካበትን መንገድ እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ቀለሃ ከመምጣቱ በፊትና ከመጣ በኋላ

በጥንቱ ጠመንጃ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዝ በኩል ለየብቻቸው ይገቡ ነበር። ተኳሹ ባሩዱን በቀንድ ወይም በወረቀት ይዞ ይጨምራል፤ አረሩን ያስከትላል፤ በዘንግ ይጠቀጥቃል። እሳቱን የሚሰጠው ክር ወይም ባልጩት ነበር። በ1807 አሌክሳንደር ፎርሳይት የሚባል ስኮትላንዳዊ ቄስ በመዶሻ ሲመታ እሳት የሚሰጥ ቅመም ለጠመንጃ የሚያገለግልበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ካፕሱል የምንላት በጥይት ግርጌ ያለች እሳት ጫሪ ቆብ የመጣችው ከዚህ አሳብ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሩድን፣ አረርንና ካፕሱልን በአንድነት ለማሠር ብዙ ተሞከረ። በ1866 ፈረንሳውያን የተቀበሉት ሻስፖ የሚባለው ጠመንጃ ከግርጌው የሚጎርስ ሆኖ ጥይቱ ግን የወረቀት ነበረ። ወረቀት ይረጥባል፤ ይቀደዳል፤ ከሁሉም በላይ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳያመልጥ በሚገባ አይዘጋም። ለዚህ ሁሉ መድኀኒት ሆኖ የተገኘው የናስ ቀለሃ ነው።

የናስ ቀለሃ የሚሠራው በተለመደው አኳኋን ከ100 እጅ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ከሆነ ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ ባሩዱ ሲነድ ተለጥጦ የጠመንጃውን ማጉረሻ ግድግዳ ይሞላል፤ ጋዙንም ይዘጋል። ግፊቱ ሲያልፍ ደግሞ በጥቂቱ ተመልሶ ይኰማተራልና ለማውጣት አያስቸግርም። የጥይት ክፍሎች አራት ናቸው፤ ቀለሃ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር። ከተኩሱ በኋላ ባሩዱ ተቃጥሏል፤ አረሩ ሄዷል፤ ካፕሱሉ ተመትቶ ሞቷል። ደኅና ሆኖ የሚቀረው ቀለሃው ብቻ ነው። ከአራቱም አንዱን ለመሥራት ብዙ መኪና የሚያስፈልገው፣ ዋጋውም ከፍ የሚለው እርሱ ስለሆነ፣ አንሥቶ እንደገና የመሙላት አሳብ ከቀለሃው ጋር አብሮ ተወለደ ለማለት ይቻላል።

በዚሁ በ1866 ለኋለኛው ዘመን ትልቅ ልዩነት ያመጡ ሁለት ዓይነት የካፕሱል አሠራሮች ወጡ። አንደኛው በእንግሊዝ አገር በዉሊች የመንግሥት መሣሪያ ቤት የነበረው ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ያወጣው ነው። ሁለተኛው የአሜሪካዊው የሂራም በርዳን ነው። በቦክሰር አሠራር ካፕሱሉ የሚመታበት ትንሽ ማረፊያ ከራሱ ከካፕሱሉ ጋር ይመጣል፤ ስለዚህ በቀለሃው ግርጌ መካከል አንድ ቀጥተኛ ቀዳዳ ብቻ ይኖራል። በበርዳን አሠራር ማረፊያው ከቀለሃው ጋር አንድ አካል ነው፤ እሳቱም የሚያልፈው ከመካከል ውጭ በሆኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው። የሚያስገርመው ነገር የእንግሊዛዊው አሠራር ኋላ በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው አሠራር ደግሞ በአውሮፓ መንሰራፋቱ ነው። ይህ ልዩነት ለተኳሹ ምንም አይደለም፤ ቀለሃውን እንደገና ለሚሞላው ሰው ግን ዋና ነገር ነው። ቀዳዳው በመካከል የሆነውን ቀለሃ ቀጭን ዘንግ በአፉ አስገብቶ የሞተውን ካፕሱል በአንድ ጊዜ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። ሌላውን ግን ከውጭ በመንጠቆ መፈልቀቅ ወይም በውሃ ግፊት ማስወጣት ያስፈልጋል። ልዩነቱ በመከርከሚያው ምርጫ ላይ እንደገና እንደሚገጥመን ወደፊት እናያለን።

2. ቀለሃ ስለምን ይረዝማል?

ቀለሃ በተተኰሰ ቍጥር ቅርጹን ይለውጣል። ግፊቱ ወደ ጎን ይነፋዋል፤ ትከሻውንም ወደ ፊት ይገፋዋል። እንደገና ሊሞላ ሲል ወደ ቀድሞ መጠኑ እንዲመለስ በጠንካራ የብረት ፎርማ ውስጥ ተገፍቶ ይገባል። ፎርማው ጎኑን ሲጨምቀው ናሱ መሄጃ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም መንገድ ወደ አፉ ነው። ሊጥ በሁለት እጅ መካከል ሲድመጠመጥ እንደሚረዝም ማለት ነው። ስለዚህ በየጊዜው የሚጨመረው ርዝመት በዓይን ባይታይም ከጥቂት ተኩስ በኋላ በመለኪያ ይገኛል።

ርዝመቱ ከልክ ሲያልፍ የሚመጣው አደጋ ይህ ነው። በጠመንጃው ማጉረሻ ጫፍ፣ የቀለሃው አፍ የሚያርፍበት ደረጃ አለ። ቀለሃው ከረዘመ አፉ ከደረጃው አልፎ ወደ ጠባቡ ይገባና አረሩን እንደ መቈንጠጫ አጥብቆ ይይዘዋል። በተኩስ ጊዜ የቀለሃው አፍ ተከፍቶ አረሩን መልቀቅ ሲገባው የሚከፈትበት ቦታ የለውም። ግፊቱ ከተወሰነው በላይ ይወጣል፤ ጠመንጃው ሊጎዳ፣ ተኳሹም ዓይኑን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል።

መጠኑን በምሳሌ እናሳይ። የአሜሪካ ሠራዊት በ1906 የተቀበለው ባለ 30 ካሊበር ጥይት፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮርያ ዘመቻ ከያዙት ኤም 1 ጠመንጃ ጋር የሚሄደው ነው። የቀለሃው ከፍተኛ ርዝመት 63.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሲከረከም የሚመለስበት ልክ 63.09 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለት ሁለት ሦስት ገጽ ወረቀት ቢደራረብ የሚሆነው ውፍረት ነው። ይህን በዓይን መገመት ወይም በጣት መዳሰስ አይቻልም። መለኪያና መከርከሚያ የሚያስፈልጉት ስለዚህ ነው።

3. የመሣሪያው ታሪክ

ጥይትን እንደገና መሙላት በሰፊው የተለመደው በሰሜን አሜሪካ ነው። በ1870ዎቹ በምዕራቡ ሜዳ ጎሽ የሚያድኑ ሰዎች ከከተማ ርቀው ይሰነብቱ ስለነበር ባሩድ፣ እርሳስና ካፕሱል ይዘው እየሄዱ ሌሊት በእሳት ዳር ቀለሃቸውን ይሞሉ ነበር። የአሜሪካ ሠራዊትም በ1873 የተቀበለው የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ጥይት መጀመሪያ ካፕሱሉ ከውስጥ የተደበቀ የመዳብ ቀለሃ ስለነበር ተመልሶ አይሞላም ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ካፕሱሉ ከውጭ የሚገባ የናስ ቀለሃ ተተካ፤ ወታደሮችም ለልምምድ የሚተኩሱትን በየሰፈራቸው እንዲሞሉ መሣሪያ ታደላቸው።

በ1884 ጆን ባርሎ የሚባል ሰው በኮነቲከት አገር በኒው ሄቨን ከተማ አይዲያል የተባለውን ድርጅት ለዚሁ ሥራ አቋቋመ። የታወቀበት መሣሪያ እንደ ፒንሳ ሁለት እጀታ ያለው ሆኖ ካፕሱል የሚከት፣ አረር የሚያስገባ፣ አንዳንዱም በጫፉ እርሳስ የሚቀልጥበት ቅርጽ ያለው ነበር። ድርጅቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በ1925 ላይማን ለሚባለው ኩባንያ ሆነ።

በዚያ የጥቍር ባሩድ ዘመን የርዝመት ነገር ብዙ አያስጨንቅም ነበር። የጥቍር ባሩድ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ብዙዎቹም ቀለሃዎች ከግርጌ እስከ አፍ ቀጥ ያሉ፣ ትከሻ የሌላቸው ስለነበሩ እምብዛም አይረዝሙም። የሚበረታው ችግር የባሩዱ ጥላሸት ነበር፤ ቀለሃው በቶሎ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ ናሱን ይበላዋል። አልፎ አልፎ የረዘመ ቢገኝ በሞረድ ይታረም ነበር።

ነገሩን የለወጠው ጢስ አልባው ባሩድ ነው። በ1884 ፖል ቪየይ የሚባል ፈረንሳዊ ይህን ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ፈረንሳይ ለበል የሚባለውን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ከእርሱ ጋር ተቀበለች። ሌሎቹም መንግሥታት ተከተሉ። አረሩ ቀጠነ፤ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ቀለሃው ትከሻና አንገት አወጣ። ከላይ የጠቀስነው የ1906 ጥይት የሚፈቀድለት ግፊት ከ1873ቱ ጥይት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያህል ግፊት ናሱን ወደ ፊት ያስኬደዋል፤ የረዘመ ቀለሃ የሚያመጣው አደጋም በዚያው መጠን ያድጋል። ስለዚህ ከሞረድ የተሻለ፣ በእርግጥ የሚለካ መሣሪያ ማስፈለጉ ግድ ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሠራዊት የወጣ ብዙ ጠመንጃ በርካሽ ሲሸጥ ራሱ ሞልቶ የሚተኩስ አሜሪካዊ በዛ። በ1943 ፍሬድ ሀንቲንግተን በካሊፎርኒያ በኦሮቪል ያቋቋመው አር ሲ ቢ ኤስ፣ በ1958 ሪቻርድ ሊ በቀላል ዋጋ ያወጣቸው የመሙያ ዕቃዎች፣ ሌሎችም ሥራውን ከባለሙያ ቤት ወደ ተራ ሰው ጠረጴዛ አደረሱት።

4. የመከርከሚያ ዓይነቶችና አመራረጣቸው

መከርከሚያዎች መልካቸው ብዙ ቢሆንም ወደ አራት ወገን ይጠቃለላሉ። ልዩነታቸውንም የሚወስነው ርዝመቱን ከየት ይለካሉ የሚለው ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ወገን ፎርማና ሞረድ ነው። ቀለሃው እጅግ በጠነከረ የብረት ፎርማ ውስጥ ሲገባ የተረፈው አፉ ብቻ ከላይ ብቅ ይላል፤ ብቅ ያለውም ከፎርማው እኩል እስኪሆን በሞረድ ይወገዳል። መለኪያው ራሱ ፎርማው ስለሆነ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት የራሱ ፎርማ ያስፈልጋል፤ ሥራውም ቀስተኛ ነው።

ሁለተኛው ወገን ትንሽ ቶርኖ የሚመስለው ነው። ቀለሃው በአንድ በኩል ይያዛል፤ በሌላ በኩል የሚሾር እጀታ ስለቱን በአፉ ላይ ያዞራል። ፎርስተር እንደሚሠራው ያለው የቀለሃውን ከንፈር በጨባጭ ይይዝና በአንገቱ ውስጥ መሪ ዘንግ ያስገባል። ዊልሰን እንደሚሠራው ያለው ደግሞ የቀለሃውን አካል በሙሉ በልኩ በተሠራ ቀለበት ውስጥ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ለብዙ ዓይነት ጥይት ያገለግላል፤ ሆኖም የቀለሃው ከንፈር የተጣመመ ወይም የቆሸሸ እንደሆነ ጨባጩ አንዱን ገባ፣ አንዱን ወጣ አድርጎ ስለሚይዘው ርዝመቱ ይለያያል። ሁለተኛው አፉን ይበልጥ ቀጥ አድርጎ ይቈርጣል፤ ለየጥይቱ ግን የየራሱን ቀለበት ይፈልጋል።

ሦስተኛው ወገን ሊ ያወጣው ባለ ዘንግ መከርከሚያ ነው። የስለቱ መሪ ዘንግ ርዝመቱ የተወሰነ ሆኖ በቀለሃው ውስጥ አልፎ፣ በግርጌው ቀዳዳ ወጥቶ ከመያዣው ብረት ጋር ሲጋጠም ስለቱ ከዚያ በላይ አይቈርጥም። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ማስተካከያ ስለሌለው ጀማሪም አይሳሳትበትም። ግን ዘንጉ የሚያልፈው ቀዳዳው በመካከል በሆነ ቀለሃ ብቻ ነው። የበርዳን ቀዳዳ ባላቸው ቀለሃዎች ይህ መሣሪያ ከነጭራሹ አይሠራም። በ1866 የተደረገው ልዩነት ከብዙ ዘመን በኋላ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ምርጫውን ሲወስን እናያለን።

አራተኛው ወገን በትራፓኖ ወይም በሞተር የሚዞርና ቀለሃውን በትከሻው የሚያስደግፍ ነው። ለብዙ መቶ ቀለሃ ፈጣን ነው። ነገር ግን ልኩን የሚወስደው ከትከሻው ስለሆነ፣ ቀለሃዎቹ አስቀድመው በፎርማ አልፈው ትከሻቸው እኩል ካልሆነ ርዝመታቸውም እኩል አይሆንም።

እንግዲህ መራጩ ራሱን ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። ስንት ዓይነት ጥይት እሞላለሁ? ስንት ቀለሃ በአንድ ጊዜ እከረክማለሁ? የቀለሃዬ ቀዳዳ ምን ዓይነት ነው? ለአንድ ጠመንጃ በወር ሃምሳ ቀለሃ ለሚሞላ ሰው ባለ ዘንጉ ይበቃዋል። ልዩ ልዩ ጥይት ያለው ቶርኖ መሰሉን ይምረጥ። ሞተር የሚያስፈልገው ሥራው ለበዛበት ብቻ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጥሩ ካሊፐር መግዛት ይገባል፤ ሳይለካ የሚከረክም ሰው በጭፍን እንደሚሠራ ነውና።

5. አጠቃቀሙ

የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ቀለሃው ተጠርጎ ይመረመራል፤ የተሰነጠቀ ይጣላል። ካፕሱሉ ይወጣል። ከዚያ በፎርማ አልፎ ቅርጹን ይይዛል፤ የተቀባውም ቅባት ይወለወላል። የሚለካው ከዚህ በኋላ ነው። ከፎርማው በፊት የለካ ሰው ፎርማው የሚጨምረውን ርዝመት ሳይቈጥር ይቀራል። ከከፍተኛው ልክ ያለፈው ይከረከማል፤ ያላለፈው ይተዋል። ሁሉም እኩል እንዲሆኑ የሚፈልግ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ልክ ያወርዳል። የቀለሃው አፍ በአረሩ ላይ የሚጨመቅበት ጥይት በተለይ ይህን ይፈልጋል፤ ርዝመቱ ካልተስተካከለ ጭመቃውም አይስተካከልም።

ስለቱ ሲዞር እጅ ሊጫን አይገባም፤ በለዘብታ እያስጠጉ ማዞር ይበቃል። የመጀመሪያው ቀለሃ ተለክቶ መሣሪያው ከተስተካከለ በኋላ በየአሥሩ አንዱን እንደገና መለካት መልካም ልማድ ነው። ከተቈረጠ በኋላ በአፉ ጠርዝ ውስጥና ውጭ ስለታም ስንጥር ይቀራል። ውስጡ በመጠኑ ካልተገፈፈ አረሩን ሲገባ ይፍቀዋል፤ ውጭው ካልተገፈፈ ማጉረሻውን ይጭራል። ሲገፈፍ ግን አፉ እንደ ቢላዋ እስኪሳሳ መሆን የለበትም፤ ስንጥሩን ማንሣት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር እናስገንዝባለን። በአፍ በኩል የሚቈረጠው ናስ ከባዶ አልመጣም፤ ከቀለሃው ግድግዳ ተስቦ የመጣ ነው። አብዛኛውንም ጊዜ የሚሳሳው ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ነው። በዚያ ቦታ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየ፣ ወይም ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ገብቶ ውስጡን ሲዳስስ እንደ ቦይ ከተሰማ፣ ቀለሃው በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊቈረጥ ይችላልና መጣል አለበት። ስለዚህ መከርከሚያ ቀለሃን ወጣት አያደርገውም፤ ዕድሜውን የሚያስቈጥር ነው። ጠንቃቃ ሰው ስንት ጊዜ እንደከረከመ በሣጥኑ ላይ ይጽፋል።

6. ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ለአገራችን ታሪክ ምን ይጠቅማል? እንደሚመስለን ብዙ ይጠቅማል።

የናስ ቀለሃ በአገራችን በጦርነት ታላቅ ሆኖ የታየው ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በአሮጌ ሜዳ ነው። በዚያ ቀን የእንግሊዝ ወታደሮች ሰናድር የምንለውን ጠመንጃ ከቦክሰር ጥይት ጋር ይዘው በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ተኰሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ባለ እጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እስከ ማስፈሰስ የደረሱ ንጉሥ ነበሩ። ባሩድም በአገር ውስጥ ይሠራ ነበር። የገጠማቸው ግን መድፍ በማፍሰስ ብቻ የማይደረስበት ነገር ነው፤ አንዱ ከሌላው በማይለይ ልክ በሺህ የሚቈጠር የናስ ጥይት የሚያወጣ የመኪና ሥራ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባው ውጅግራ ነው። ስሙም እንደሚታወቀው ከፈረንሳይኛው ፉዚል ግራ የመጣ ነው። ግራ የሚባለው መኰንን በ1874 የወረቀት ጥይት የሚጎርሰውን ሻስፖ ወደ ናስ ጥይት ለውጦ የሠራው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ለበልን ስትቀበል ውጅግራው ትርፍ ሆነ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ አገራችን ጎረፈ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችንን ያዩ መንገደኞች እንደጻፉት የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር ይዘዋወር ነበር። አሞሌ ጨው ሲሰበር ዋጋው ይወርድ ነበር። ጥይት ብርቅ በሆነበት አገር የተተኰሰው ቀለሃም ዋጋ ያለው ዕቃ ሆኖ ይሰበሰብ፣ እንደገናም ይሞላ ነበር። ውጅግራ የጥቍር ባሩድ ጠመንጃ ስለሆነ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህም ቀለሃው ለዚህ ሥራ ከኋለኞቹ ይልቅ ታጋሽ ነበር።

ነገር ግን አራቱን የጥይት ክፍሎች አንድ በአንድ ብንመረምር ችግሩ ወዴት እንደነበረ ይታያል። ባሩድ በአገር ይገኛል። እርሳስ ይቀልጣል። ቀለሃ ከመሬት ይለቀማል። ካፕሱል ግን በመንደር ባለ እጅ የሚሠራ አልነበረም፤ ፎርማውና ልክ ጠባቂው መሣሪያም እንዲሁ። ይህን ቀደም ብለው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ የሸጠው ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርቱር ራምቦ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ለፈረንሳይ የባሕር ኀይልና የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ደብዳቤ ጻፈ። የለመነውም ውጅግራና ሬሚንግተን የመሰሉ ጠመንጃዎችና ጥይታቸው በሸዋ የሚሠሩበትን መሣሪያ በኦቦክ በኩል ለማስገባት ፈቃድ እንዲሰጠው ነው። ነገሩ ጥቂት ከተመላለሰ በኋላ በ1888 ተከለከለ።

ይህ ክልከላ ሊስተዋል ይገባዋል። ጠመንጃና ጥይት በሕግም ሆነ በድብቅ ከወደቡ ወደ ውስጥ መግባቱን አላቋረጠም፤ መሣሪያውን የሚሠራው መሣሪያ ግን በሩ ላይ ቀረ። ጥይት የገዛ ሰው ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ መሥሪያውን የያዘ ግን አይመለስም። በታኅሣሥ ወር 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ወደ ኢትዮጵያ ስለሚገባው መሣሪያ ተስማሙ። በ1930 ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ ከሦስቱ ጋር ስለ መሣሪያ አገባብ ውል ፈረመች። በ1935 የኢጣልያ ወረራ ሲመጣ ሠራዊታችን የያዘው ጠመንጃ ዓይነቱ የበዛ ነበር፤ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበል፣ ቤልጅግ፣ ሌላም። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጠመንጃው በቍጥር ብዙ ሆኖ ሳለ ተዋጊው ጥይት የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር።

ሌላም ከውጭ ያልመጣ ምክንያት አለ። ብረትና ናስ በልክ የሚቈርጥ፣ የሚያቀልጥ፣ የሚያስተካክል ሰው በአገራችን ባለ እጅ ይባል ነበር፤ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባለም ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ዕደ ጥበብ ሠራተኞች እንዳይሰደቡ በዐዋጅ መከልከላቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያስረዳል። ቀለሃ በሩብ ሚሊ ሜትር ልክ ለመቈረጥ እጅ ይፈልጋል። እጁን የናቀ አገር መሣሪያው ቢፈቀድለት እንኳ ማን ይይዝለታል? ወደብ የዘጉትን መንግሥታት ስንወቅስ ይህንም አብረን ማሰብ ይገባናል።

7. ቀለሃ እንደ ታሪክ ሰነድ

የታሪክ ተማሪዎች ማስረጃ የምንፈልገው በብራናና በደብዳቤ ብቻ መሆን የለበትም። ገበሬ ከጥንት የጦር ሜዳ ሲያርስ የሚያወጣው ቀለሃም ሊነበብ የሚችል ሰነድ ነው። በግርጌው ላይ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ቦታና ዓመት በምልክት ይታተማል። አንባቢው ከዚህ አልፎ አፉን ቢመለከት ሌላ ነገር ያገኛል። የአፉ ጠርዝ ዙሪያውን ደቃቅ የክብ ጭረት ያለው እንደሆነ በሚዞር ስለት መቈረጡን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ካለው በሞረድ መስተካከሉን ያመለክታል። ርዝመቱ ከተወለደበት ልክ አጥሮ ከተገኘ፣ የካፕሱሉ ቦታ ከተፈለቀቀ ወይም ከሰፋ፣ እንደገና የተሞላ ለመሆኑ ምልክት ነው። አንዱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ምልክት ሲገናኝ ግን ይበቃል።

ይህን ሥራ የሚጀምር ተማሪ ካሊፐር፣ ማጉያ መነጽርና ደብተር ይበቁታል። እያንዳንዱን ቀለሃ የተገኘበትን ቦታ፣ ርዝመቱን፣ የግርጌውን ጽሕፈትና የአፉን መልክ ይመዝግብ። ያልተተኰሰ ጥይት ካጋጠመው ግን አይንካው፤ ለሚመለከተው ሹም ያሳውቅ። አሮጌ መሆኑ አደጋውን አያስቀረውም።

መደምደሚያ

የቀለሃ መከርከሚያ ከዓለም መሣሪያዎች ሁሉ ትንሹ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ሆኖም በእርሱ መንገድ ሄደን ያየነው ነገር ትንሽ አይደለም። ጠመንጃ በገንዘብ ይገኛል፤ በስጦታም በምርኮም ይገኛል። ጠመንጃውን ሁልጊዜ አጉርሶ ለመያዝ ግን መለኪያ፣ ፎርማና መከርከሚያ፣ እነዚህንም የሚይዝ የተከበረ እጅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የዘመኑን የመሣሪያ ታሪክ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ስንት ጠመንጃ ገባ ብለው ከጠየቁ በኋላ፣ ስንት መሥሪያ ገባ፣ ስንቱስ ተከለከለ፣ በማንስ እጅ ተያዘ ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። መልሱ በከፊል በቤተ መዛግብት፣ በከፊልም ዛሬ ከእርሻ መሬት በሚወጡት ቀለሃዎች አፍ ላይ ይገኛል።